ለወንዙ ዳር አኻያ፣ ለአኻያውም ባለቤት

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ከተማ፣ ከመገናኛው ሥፍራ አለፍ ብሎ በነጭ ዓባይ ዳርቻ፣ ሱዳኖች ሱንት በሚሉት የግራር ዘር ስም የሚጠራ ደን ነበር። ይህ ደን እ.ኤ.አ. በ1939 ጥብቅ ሆኖ ተከለለ። ወንዙ በየዓመቱ ሲሞላ ውኃ ይተኛበት ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ መሬቱ ይለመልም ነበር፤ ከሰሜን የዓለም ክፍል የሚመጡ ስደተኛ ወፎችም ይከርሙበት ነበር። እንጨቱ ጽኑ በመሆኑ የኦምዱርማን ጀልባ ሠሪዎች ሱንትን ከሁሉ አስበልጠው ይፈልጉታል፤ የሱዳን ምድር ባቡርም ለሐዲዱ ተጋዳሚ ሲጠቀምበት ኖሯል። የቅኝ ገዥው አስተዳደር ሄደ፤ ነፃነት መጣ፤ መንግሥት በመንግሥት ላይ ተተካ፤ ደኑ ግን በከተማው እምብርት አጠገብ ከ80 ዓመት በላይ ቆመ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ያ የ80 ዓመት ደን ተመንጥሮ አብዛኛው ክፍሉ ጉቶ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ርእሰ አንቀጽ ስለ ጦርነቱ ለመፍረድ አልተነሣንም። የተነሣነው አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው። ለ80 ዓመት የተጠበቀ ደን በጥቂት ዓመታት እንዴት ሊጠፋ ቻለ? ይህንንስ ጥያቄ እኛ የዓባይ ምንጭ አገር ሰዎች መጠየቃችን ምን ይጠቅመናል?

ደኑን የጨረሱት ክፉ ሰዎች ናቸው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። በእርግጥም እንጨቱንና ከሰሉን ሸጠው ያተረፉ አልታጡም። ነገር ግን ጉዳዩን በጥሞና ለመረመረው ሰው እውነቱ ከዚህ ይሰፋል። በከተማይቱ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የማብሰያ ጋዝ አይገኝም ነበር፤ ዳቦ ቤቱም፣ የሠፈር ወጥ ቤቱም፣ ልጆች ያሉባት እናትም እሳት ያስፈልጋቸው ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ሱንቱ እስከ ትናንት የመንግሥት ንብረት ነበር። መንግሥት ከሥፍራው በተለየ ጊዜ የማንም አልነበረም። አንድም ቤተ ሰብ «ይህ የእኔ ዛፍ ነው፤ ነገም ያስፈልገኛል» የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ ዘበኛው ሲሄድ ደኑም አብሮ ሄደ።

ጦርነት ባይኖርስ ኖሮ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ሌላው የካርቱም ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከከተማዋ በስተደቡብ አረንጓዴ መቀነት የተባለ ደን ተተክሎ ነበር። ባሕር ዛፍና ሌሎችም ዛፎች ተተክለው ከከተማው ፍሳሽ ተጣርቶ በሚመጣ ውኃ ይጠጡ ነበር። ዓላማውም ካርቱምን የአሸዋ ግድግዳ መስሎ ከሚመጣው ሃቡብ ከሚባለው የአቧራ ማዕበል መከላከል፣ ለነዋሪውም ማገዶ ማስገኘት ነበር። ሐሳቡ መልካም፣ አተካከሉም በባለሙያ የተመራ ነበር። ከተማዋ ስትሰፋና የቤት መሥሪያ ቦታ ዋጋ ሲንር ግን ያ መቀነት ተፈታ፤ ዛፉ ተነቅሎ መሬቱ ለቤትና ለመንገድ ዋለ። ይህ የሆነው ጥይት ሳይተኮስ፣ በሰላም ጊዜ፣ በወረቀትና በማኅተም ነው። የአንዱ ደን ጠላት ጦርነት፣ የሌላው ጠላት የመሬት ዋጋ ቢሆንም የሁለቱም ድካም አንድ ነው። ከአጠገባቸው የሚኖረው ሕዝብ ባለቤታቸው አልነበረም።

አሁን ደግሞ ከካርቱም ወደ ምዕራብ ወደ ኮርዶፋን እንመልከት። በዚያ አሸዋማ ምድር የሚኖረው ገበሬ ሐሻብ የሚባለውን ግራር ከእርሻው ጋር አጣምሮ ኖሯል። የሥራው ሥርዓት እንዲህ ነው። ገበሬው መሬቱን ለጥቂት ዓመታት ማሽላ፣ ዳጉሳ መሰል እህልና ሰሊጥ ያመርትበታል። የመሬቱ ጉልበት ሲደክም ማረሱን ትቶ ሐሻብ እንዲያድግበት ይለቀዋል። ዛፉ 4 ወይም 5 ዓመት ሲሞላው ገበሬው ልጡን በመላጥ ሙጫውን መሰብሰብ ይጀምራል። ዛፉ ለ15 ወይም ለ20 ዓመት ሙጫ ሲሰጥ ይኖርና ሲያረጅ ተቆርጦ ማገዶና ከሰል ይሆናል። በዚያን ጊዜ መሬቱ ዐርፏል፤ ሐሻብ እንደ ባቄላና እንደ አተር ዘመዶቹ አፈሩን የሚያዳብር ዛፍ ነውና ምድሩ እንደገና እህል ለመሸከም ይበቃል። ሱዳን ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው የዐረብ ሙጫ ትልቁን ድርሻ የምትሸፍነው በዚህ ዓይነት ገበሬዎች ድካም ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላ፣ የመድኃኒት ክኒንና የኅትመት ቀለም የሚሠሩ የታወቁ ፋብሪካዎች ሁሉ ይህን ሙጫ ይሻሉ።

የኮርዶፋን ገበሬ ሐሻቡን ያቆየው ዘበኛ ስለ ቆመበት አይደለም። ዛፉ የእርሱ ስለ ሆነ፣ በሚራብበትም ወር ገንዘብ ስለሚያስገኝለት ነው። ይህ እውነት መሆኑ የተፈተነበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ ኩባንያ ያልተፈበረከውን ሙጫ ወደ ውጭ የመላክ ብቸኛ መብት ተሰጠው። በዓለም ገበያ ከሚገኘው ዋጋ ለገበሬው የሚደርሰው ድርሻ ባነሰ ጊዜ፣ በዚያም ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1984 የደረሰው ድርቅ በተጨመረ ጊዜ፣ ብዙ ገበሬ ሐሻቡን ቆርጦ ከሰል አደረገው። ብቸኛው መብት የቀረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እንግዲህ ባለቤትነት ማለት ስም ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ከዛፉ የሚገባውን ጥቅም ካላገኘ የገዛ ዛፉን በገዛ መጥረቢያው ይቆርጣል።

በዚያው በሱዳን በጀበል መራ አካባቢ ያሉ ገበሬዎችም ሐራዝ ከሚባለው ግራር ሥር ያርሳሉ። ይህ ዛፍ ጠባዩ ከሌሎች የተለየ ነው። በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ለእህሉ ብርሃን ይለቃል፤ በበጋ ለምልሞ ለከብት ጥላና መኖ ይሰጣል። በእኛም አገር በስምጥ ሸለቆና በቢሾፍቱ አካባቢ ማሳዎች ውስጥ ይህንኑ ዛፍ ገበሬው ትቶት እናየዋለን። ማንም ትከል ብሎ አላዘዘውም፤ ማንም አትቁረጥ ብሎ አልዘበዘበውም። የሚጠቅመውን ዐውቆ አቆየው።

ስለ ካርቱም ይህን ያህል ማተታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቱም የእኛ አፈር የሚያልፍባት ከተማ ናት። ጥቁር ዓባይና ገባሮቹ ከደጋችን ጠርገው ድንበር የሚያሻግሩት ደለል በዓመት ወደ 140 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ሲገመት ኖሯል። ሱዳኖች እ.ኤ.አ. በ1925 በተጠናቀቀው በሴናር ግድብና በ1966 በተሠራው በሮሴይረስ ግድብ ይህን ደለል ሲታገሉ ኖረዋል። የሮሴይረስ ግድብ ከመጀመሪያው የመያዝ ዐቅሙ ከሲሶ የበለጠውን ለደለል ካስረከበ በኋላ ግድግዳው 10 ሜትር ያህል እንዲያድግ ተደርጎ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 ተጠናቀቀ። የገዚራ እርሻ ቦዮችም በየዓመቱ የሚጠረገው ጭቃ እዳቸው ሆኖ ኖሯል። ያ ጭቃ ደግሞ ቀድሞ የእኛ ማሳ ነበር።

ከእንግዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከእርሱ በላይ ከሚገኘው ደጋ የሚጠረገው አፈር በብዛቱ የሚተኛው በራሳችን ግድብ ውስጥ ነው። ትናንት የሱዳን ችግር መስሎ ይታይ የነበረው ደለል ዛሬ የራሳችን መብራትና የራሳችን ሀብት ጉዳይ ሆኗል። ገበሬው ደግሞ ይህን ከሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ወንዙ በየክረምቱ ከማሳው ዳር አንድ ትልም፣ ሁለት ትልም እየገመሰ ሲወስድበት ግድብ እስኪሠራ አልጠበቀም።

የወንዝ ዳር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ የሚሻ በካርቱም መካከል የምትገኘውን የቱቲ ደሴት ይመልከት። የቱቲ ሰዎች አትክልትና ፍራፍሬ የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። ጎርፍ በሚያሠጋበት ወቅት ታያ በሚሉት ሥርዓት በወንዙ ዙሪያ ጥበቃ ያቆማሉ፤ ውኃው ዳሩን መስበር ሲጀምር የደሴቲቱ ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌ ከወጣት ሳይለይ፣ አፈርና እንጨት ተሸክሞ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1946 እንዲህ አደረጉ፤ በ1988 እንዲህ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወንዙ ከፍታ ከእነዚያ ከሁለቱም ዓመታት በልጦ በመላው ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበትም ጊዜ ወንዙን በዳሩ ቆመው ጠበቁት። ለምን? ዳሩ የእነርሱ ስለ ሆነ ነው። ከዳሩ ጀርባ ያለው ማሳ፣ ከማሳው ጀርባ ያለው ቤት የእነርሱ ስለ ሆነ ነው። ከሱንቱ ደን ብዙም በማይርቅ ሥፍራ፣ በዚያው ወንዝ ላይ፣ ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን ተጽፏል። አንዱ ባለቤት ያጣ ደን፣ ሁለተኛው ባለቤት ያለው ዳር።

በአገራችንም ይህ ትምህርት እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ፣ በምግብ ለሥራ፣ ብዙ እርከን ተሠርቷል፤ ብዙ ኮረብታ ተከልሎ ችግኝ ተተክሎበታል። የሕዝቡ ላብ እውነተኛ ላብ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ግን በየአካባቢው የማኅበር ደን እየተባለ የተተከለው ዛፍ በብዙ ሥፍራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተቆረጠ፤ የቆረጠውም በብዛት ያው የተከለው ሕዝብ ነበር። ሕዝቡ ዛፍ ጠልቶ አይደለም። በዚያው ወቅት በየቤቱ ጓሮ የነበረውን ባሕር ዛፍና ጌሾ የነካ አልነበረም። የተቆረጠው የማን እንደሆነ ያልታወቀው ነው። የቆየው የማን እንደሆነ የታወቀው ነው።

ከዚያ ወዲህ በክልሉ በአዊ አካባቢ በፋግታ ለኮማ ወረዳ የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ገበሬዎቹ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በገዛ ማሳቸው ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎ በዛፉ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳሉ፤ ዛፉ በ4 ወይም በ5 ዓመት ሲደርስ ከሰል አክስለው ይሸጣሉ፤ ከዚያም መሬቱን መልሰው እህል ያበቅሉበታል። የተራቆተው ምድር በደን ተሸፈነ። ይህን ያደረገው ዘመቻ ሳይሆን ገበያና ባለቤትነት ነው። ሆኖም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚሁ ዛፍ ላይ በሽታ ገብቶ ገበሬውን ጎድቶታል። ይህም አገር ሙሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ መደገፍ እንደማይገባ ያስተምራል። ለእያንዳንዱ ሥፍራ የሚስማማው ዛፍ ሊፈለግለት ያስፈልጋል።

ለወንዝ ዳር የሚስማማው ዛፍ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። እርሱም አኻያ ነው። አኻያ በደጋና በወይና ደጋ ወንዞቻችን ዳር ራሱን ዘርቶ የሚበቅል፣ ከዚያም ወንዙን ተከትሎ በሱዳንና በግብፅ የዓባይ ሸለቆ የሚገኝ የአገር ዛፍ ነው። ሱዳኖች ሰፍሳፍ ይሉታል። ሥሩ ጥቅጥቅ ብሎ እንደ መረብ ስለሚሠራ ውኃ የሚገምሰውን አፈር ይይዛል። ቅርንጫፉ ለጎርፍ ስለሚያጎነብስ በቀላሉ አይሰበርም። ቀጫጭኑ ቀንበጥ ቅርጫት ይሠራበታል፤ መፋቂያ ይሆናል፤ ቅጠሉን ከብት ይበላዋል፤ ወፍራሙ ማገዶ ይሆናል። ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የአኻያ ልጥ ሕመም እንደሚያስታግሥ የጥንት ሰዎች ያውቁ ነበር፤ ዛሬ አስፕሪን ለምንለው መድኃኒት መንገድ የጠረገውም እ.ኤ.አ. በ1828 ከአኻያ ልጥ የተለየው ቅመም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ አኻያ ችግኝ ጣቢያ የማይጠብቅ መሆኑ ነው። የላስቲክ ከረጢት፣ የመኪና ማመላለሻና የበጀት ዓመት አያሻውም። ጤናማ ከሆነ ሕያው ዛፍ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረትና አንድ ክንድ ያህል ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ ይቆረጣል። እንቡጡ ወደ ላይ እንዲሆን ተጠንቅቆ ሁለት ሦስተኛው ወደ እርጥብ አፈር ይገባል፤ ዙሪያው በእግር ይረገጣል። የሚተከለውም በክረምቱ መግቢያ ወይም ጎርፉ ካለፈ በኋላ ዳሩ እርጥብ ሳለ ነው። የተቆረጠው እንጨት ሳይደርቅ በዚያው ቀን ቢተከል ይመረጣል። ከብት በሚበዛበት ሥፍራ ደግሞ ረዘም ያለ ግንድ መትከል ይሻላል። በኒውዚላንድ የበግና የከብት አርቢዎች ኮረብታቸው እንዳይንሸራተት ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚረዝም የአኻያ ግንድ የሚተክሉት የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ከከብት አፍ በላይ እንዲሆን ነው። ለእኛም ገበሬ ይህ ዘዴ የሚጠቅም ይመስለናል።

በማሳው ዳር ያለው አሰላለፍም ቀላል ነው። ለውኃው ቅርብ በሆነው ሥፍራ አኻያ ይተከላል። ከእርሱ በስተኋላ እንደ ዝሆኔ ሣር ያለ ለመኖ የሚታጨድ ሣር በአንድ ረድፍ ይሰለፋል። ከዚያ በኋላ እህሉ ይቀጥላል። ገበሬው ከወንዙ ጋር ሲዋጋ በየዓመቱ ያጣው ከነበረው ትልም ይልቅ ለአኻያና ለሣር የሚለቀው ቦታ ያንሳል። በዓመቱ ቅርንጫፉን እየከረከመ ለመኖና ለማገዶ ያውላል። ኩበቱም ለእሳት መሆኑ ቀርቶ ወደ ማሳው ይመለሳል።

ይሁን እንጂ መልካም ነገር ሁሉ ቦታ አለው። አኻያ ውኃ ይወዳል። ስለዚህ በደረቅ ማሳ መካከል፣ በትንሽ ምንጭ አናት ወይም በጉድጓድ ውኃ አጠገብ አይተከልም። በጠባብ የመስኖ ቦይ ውስጥም ሥሩ ውኃውን ስለሚያግድ መራቅ አለበት። የውጭ አገር አኻያም ካልታወቀ በቀር ባይመጣ ይሻላል፤ አውስትራሊያ ከውጭ ያስገባችው አኻያ ወንዞቿን እየዘጋ ስላስቸገራት ዛሬ ብዙ ገንዘብ አፍስሳ እያስነቀለች ነው። ደግሞም አኻያ የሚጠብቀው ዳሩን ብቻ ነው። ከላይ ያለው ተዳፋት እርከን ከሌለው፣ ሰስባንያ፣ ወይራና ሌላው ተስማሚ ዛፍ ካልተተከለበት፣ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ በሸለቆው ያለ አኻያ ብቻውን አያቆመውም።

እዚህ ላይ ዋናውን ጉዳይ እናነሣለን። የወንዝ ዳር የማን ነው? በብዙ ቀበሌዎች ወንዝ ዳር የጋራ ተብሎ የተተወ ነው። የጋራ ስለ ሆነም ሁሉ ያግጥበታል፤ ሁሉ ይቆርጥበታል፤ ሁሉ አሸዋ ያወጣበታል። የሚተክልበት ግን የለም። አንድ ገበሬ በዚህ ዳር አኻያ ቢተክል ከብት ያለው ጎረቤቱ ሊያስበላው ይችላል። ዛፉ ቢያድግ ደግሞ የገዛ እጁ ሥራ የሆነውን ለመቁረጥ ፈቃድ ጠይቅ ይባላል። በዚህ ሁኔታ ገበሬው አልተከለም ብሎ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ከችግኝ በፊት መቅደም ያለበት ውሳኔ ነው። የቀበሌ አስተዳደሮች የወንዙን ዳር ከወንዙ ጋር ለሚዋሰነው ባለ ማሳ በልክ ከፍለው፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ባሉበት፣ በጽሑፍ ሊሰጡት ይገባል። ገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይዟል። በዳሩ የተከለውም ዛፍ የእርሱ መሆኑ በዚያው ደብተር ላይ ቢሰፍር ነገሩ ይጸናል። ማሳው በእናት ወይም በባል የሞተባት ሴት ስም የተመዘገበ ከሆነም ዛፉ የእርሷ መሆኑ በማያሻማ ቃል ይጻፍ። የተከለ ሰው ሥሩን ሳይነቅል ቅርንጫፉን ለመቁረጥ፣ ለመሸጥና ለመጠቀም የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ መሆኑ ይነገረው። በአንጻሩ ዳሩን የተረከበ ሰው ባዶውን ቢተወው የሚጠየቅበት ደንብ ይኑር። ልቅ ግጦሽም ቢያንስ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከዳሩ እንዲርቅ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ይስማማ፤ ይህን ከመንግሥት ደንብ ይልቅ የአካባቢው ባህላዊ ስምምነት ያጸናዋል።

ሠራዊቱም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። ጦር በሰፈረበት ሁሉ ማገዶ ያስፈልጋል፤ ወንዝ ዳር መስፈርም የተለመደ ነው። ስለዚህ በየደረጃው ያሉ አዛዦች የገበሬው የዳር ዛፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድና ያለ ተገቢው ዋጋ እንዳይነካ ማዘዝና ትእዛዙም መፈጸሙን መከታተል ይገባቸዋል። አንድ ምድብ አንድ ቀን የሚያነድደው አኻያ ለአንድ ገበሬ የአምስት ክረምት ማሳ ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ከካርቱም የምንማረው አንዱ ነገር ይህ ነው። ጦርነት ሲያልፍ የፈረሰ ቤት በዓመት ይሠራል፤ የ80 ዓመት ዛፍ ግን 80 ዓመት ይጠይቃል።

ቁጥርም የሚገባውን ሥፍራ ይያዝ። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቁጥር ሰምተናል፤ የሕዝቡም ተነሣሽነት የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ወታደር ትእዛዝ ሲሰጠው ይቆማል፤ ችግኝ ግን በትእዛዝ አይጸድቅም። ከየወረዳው በሐምሌ ይህን ያህል ተከልን የሚል ሪፖርት ሲመጣ፣ ካቻምና ከተተከለው ስንቱ በዚህ ግንቦት ቆሞ ይገኛል የሚል ጥያቄ አብሮት ሊቀርብ ያስፈልጋል። የግብርና ባለሙያዎቻችን በየዓመቱ በበጋው መጨረሻ፣ ባለ ማሳው ባለበት፣ የቆመውን አንድ በአንድ ቢቆጥሩ፣ የቆጠሩትንም በቀበሌው ስብሰባ ለሕዝቡ ቢያነቡ፣ ብዙ ነገር ይስተካከላል። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማጽደቅ የባለቤት ሥራ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከየቀበሌው የሚጠበቀው እንግዲህ ከባድ ነገር አይደለም። ዳሩ ይለካ፤ ስሙ ይጻፍ፤ አኻያው ይቆረጥ፤ በዚያው ቀንም ይተከል። ይህ ሲደረግ ገበሬው ትልሙን ያተርፋል፤ ግድባችን ከደለል ሸክሙ ይቀልለዋል፤ ወደ ካርቱም የሚወርደውም ውኃ ትንሽ አፈር ይዞ ይወርዳል። የሱንቱ ደን ዘበኛ ነበረው፣ ባለቤት ግን አልነበረውም። የእኛ አኻያ ዘበኛ ባይኖረውም ባለቤት ይኑረው እንላለን።